«ዳታዎ የት ነው ያለው?» የኤዲንብራ ላይብረሪያኖች ሥልጠና

በ2019 የወጣውን የኢትዮጵያን ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። (ዓመቶቹን፣ ወሮቹንና ቀኖቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።) ብዙው ነገሩ ስለ ጽሑፍ ነው። በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ምርምር ለሁሉም ክፍት ይሁን፣ ጽሑፉም በብሔራዊው ሪፖዚተሪ (የምርምር ሥራዎች በሚቀመጡበት የኢንተርኔት ማከማቻ) ይቀመጥ ይላል። እኔን ያስቆመኝ ሌላ ቦታ ነው። የመንግሥት ገንዘብ የሚወስድ ተመራማሪ የዳታ አያያዝ ዕቅድ አዘጋጅቶ ለምርምር ቢሮውና ለዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ማቅረብ አለበት። የሚያቀርበውም እንዲጸድቅለት ነው።

እኔ ላይብረሪያን ነኝ። ሰርኩሌሽን (መጽሐፍ ማዋሻው) ላይ ቆሜያለሁ። ካታሎግ ሠርቻለሁ። ሪፈረንስ ክፍል ተቀምጬ የተማሪ ጥያቄ መልሻለሁ። ቴሲስ ተቀብዬ ሪፖዚተሪ ላይ ጭኛለሁ። አንድ የአፈር ተመራማሪ የዳታ ዕቅዱን ይዞ ጠረጴዛዬ ጋ ቢመጣ ግን ምኑን አይቼ ነው የማጸድቅለት? ጥሩውን ዕቅድ ከመጥፎው በምን እለየዋለሁ? እኛ ስንማር የነበረው ስለ መጽሐፍና ስለ መጽሔት ነው። ተመራማሪው መጽሐፉን ከመጻፉ በፊት ስላለው ነገር፣ ስለ መጠይቁ፣ ስለ ድምፅ ቅጂው፣ ስለ ኤክሴል ሰንጠረዡ ማንም አላስተማረንም።

መልስ ፍለጋ ስሄድ ያገኘሁት የስኮትላንዱን የኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ነው። እነሱም ከአሥር ዓመት በላይ ቀደም ብለው እዚሁ ቦታ ላይ ቆመው ነበር። ያደረጉት ነገር ቀላል ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ እኛም ልንሠራው የምንችለው ነገር ነው። ለዚህ ነው ዝርዝሩን ልጽፈው የፈለግሁት።

ዕውቀቱ ቤት ውስጥ ነበር

ኤዲንብራ በ1583 የተመሠረተ ያረጀ ዩኒቨርሲቲ ነው። በዳታ ጉዳይ ደግሞ ከብዙዎቹ ቀድሞ የጀመረ ነው። በ1983 ዳታ ላይብረሪ የሚባል ክፍል አቋቋመ። ሥራው ተመራማሪዎች እንደ ሕዝብ ቆጠራ ያሉ ትልልቅ ዳታዎችን አግኝተው እንዲጠቀሙ መርዳት ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ኤዲና የተባለው የዳታ ማዕከል መጣ። በ2004 ደግሞ ዲጂታል ዳታን ጠብቆ በማቆየት ላይ የሚሠራው የብሪታንያ የዲጂታል ክብካቤ ማዕከል ሲቋቋም ዋና መቀመጫው እዚያው ኤዲንብራ ሆነ።

እንግዲህ ዕውቀት አልጎደላቸውም። የጎደለው ሌላ ነገር ነው። የዳታ ባለሙያዎቹ ጥቂት ናቸው፤ የሚያውቃቸውም የሚፈልጋቸው ሰው ብቻ ነው። ከትምህርት ክፍሎች ጋር በየቀኑ የሚገናኙት ሌሎች ናቸው። እነዚህ ለየትምህርት ክፍሉ የተመደቡ ላይብረሪያኖች ናቸው። ለሕክምና አንድ፣ ለሕግ አንድ፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። መምህሩ መጽሔት ሲፈልግ የሚደውለው ለእነሱ ነው። አዲስ የዶክትሬት ተማሪ ሲመጣ ቤተ መጻሕፍቱን የሚያስተዋውቁት እነሱ ናቸው። ዳታውን የሚያውቀው ሰው አንድ ፎቅ ላይ፣ ተመራማሪውን የሚያውቀው ሰው ሌላ ፎቅ ላይ ተቀምጦ ነበር ማለት ይቻላል።

በዚያን ሰሞን በብሪታንያ ነገሩን ያጋጋለ አንድ ክስተት አለ። በኅዳር ወር 2009 ከምሥራቅ አንግሊያ ዩኒቨርሲቲ የአየር ንብረት ምርምር ክፍል በሺዎች የሚቆጠሩ ኢሜይሎች ተሰርቀው ኢንተርኔት ላይ ተበተኑ። ተመራማሪዎቹ ዳታ ደብቀዋል፣ አጣመዋል ተብለው ተከሰሱ። በሰር ሙየር ራስል የተመራው አጣሪ ቡድን በሐምሌ 2010 ሪፖርቱን አወጣ። የተመራማሪዎቹ ሐቀኝነትና ጥንቃቄ አያጠራጥርም አለ። ተገቢውን ግልጽነት አላሳዩም ብሎ ግን ወቀሳቸው። ይህን ሳነብ ልቤን የነካው ነገር አለ። ሰዎቹ ሥራቸውን በትክክል ሠርተዋል። ይህን ለዓለም ለማሳየት ግን ብዙ ተቸገሩ። ዳታን በሥርዓት መያዝና ማካፈል ለቁም ሣጥን ውበት የሚደረግ አይደለም። ቀን ሲከፋ ምስክር የሚሆንህ እሱ ነው።

በግንቦት 2011 የኤዲንብራ ሴኔት የምርምር ዳታ አያያዝ ፖሊሲ አጸደቀ። ፖሊሲው አጭር ነው፤ አሥር ነጥብ ብቻ። ዳታን በአግባቡ የመያዝ ዋናው ኃላፊነት የምርምሩ መሪ ነው ይላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚቀርብ ማንኛውም አዲስ ፕሮፖዛል የዳታ አያያዝ ዕቅድ ይኑረው ይላል። ዩኒቨርሲቲው በበኩሉ ሥልጠና፣ ድጋፍና ምክር እሰጣለሁ፣ ማስቀመጫና ባክአፕም (መጠባበቂያ ቅጂም) አዘጋጃለሁ ብሎ ቃል ገባ። በዚያው ዓመት የምህንድስናና የፊዚካል ሳይንስ ምርምር ምክር ቤት የሚባለው ትልቁ ገንዘብ ሰጪ ለዩኒቨርሲቲዎች ቀነ ገደብ ቆረጠ። እስከ ግንቦት 1 ቀን 2015 ድረስ ሥርዓታችሁን ጨርሱ፣ ዳታውም ቢያንስ ለአሥር ዓመት ይቀመጥ አለ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ሴኔቱ «ሥልጠና፣ ድጋፍና ምክር» ሲል ማን ይሰጠዋል? በየትምህርት ክፍሉ የሚታወቀው ያው ላይብረሪያኑ ነው። ላይብረሪያኑ ደግሞ አልተዘጋጀም። ይህ የኤዲንብራ ብቻ ችግር አልነበረም። በ2012 የብሪታንያ የምርምር ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ባስጠናው ጥናት ከዳሰሳው ተሳታፊዎች 16 በመቶዎቹ ብቻ ስለ ዳታ አያያዝ የማማከር ዕውቀት «አሁን የግድ ያስፈልጋል» አሉ። ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ውስጥስ ሲባሉ ቁጥሩ 48 በመቶ ደረሰ። በዘጠኝ የሥራ ዘርፎች ደግሞ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ላይብረሪያኖች ዕውቀታችን ውሱን ነው ወይም ጭራሽ የለንም ብለው መለሱ። ጎርፉ እየመጣ እንደሆነ አይተውታል። ዋና ግን አልቻሉም።

ለሌላ ሰው የተሠራው ኮርስ

ኤዲንብራ ከባዶ አልጀመረም። በ2010 እና በ2011 የዩኒቨርሲቲዎችን የዲጂታል ሥራ ከሚደግፈው ጂስክ ከተባለው የብሪታንያ ተቋም በተገኘ ገንዘብ ማንትራ የሚባል የኢንተርኔት ኮርስ ሠርተው ነበር። ኮርሱ የተሠራው ለዶክትሬት ተማሪዎችና ለጀማሪ ተመራማሪዎች ነው። ሲሠራም ከሦስት ዘርፎች ጋር ተባብረው ነው፦ ከጂኦሳይንስ፣ ከማኅበራዊና ፖለቲካ ሳይንስ፣ ከክሊኒካል ሳይኮሎጂ። ስለዚህ ምሳሌዎቹ ከእውነተኛ ሥራ የመጡ ናቸው። ልምድ ያላቸው ተመራማሪዎች ስለ ገጠማቸው ነገር በቪዲዮ ይናገራሉ። የምርምር ዳታ ምንድን ነው ከሚለው ይነሣና ዕቅድ፣ ፋይል አደረጃጀት፣ የፋይል ዓይነቶች፣ ሜታዳታ (ዳታውን የሚገልጽ መረጃ)፣ ማስቀመጫና ደኅንነት፣ የግል መረጃ ጥበቃ፣ ማካፈል እያለ ይሄዳል።

ከዚያ የዳታ ላይብረሪው ሰዎች አንድ ብልህ ነገር አደረጉ። ለላይብረሪያኖች ሌላ ኮርስ አልጻፉም። ተማሪው የሚማረውን ኮርስ ላይብረሪያኑም ይማረው አሉ። ለብቻው ተቀምጦ አንብቦ እንዳይረሳው ግን ሌላ ነገር ጨመሩበት፤ በቡድን ቁጭ ብሎ መወያየት። በ2012 እና በ2013 በራሳቸው ዩኒቨርሲቲ ላይብረሪያኖች ትንሽ ቡድን ሞከሩት። በ2013 ያንን ልምድ ጠቅልለው «ራስህ ሥራው» ዓይነት የሥልጠና ጥቅል አድርገው ለሁሉም በነፃ አወጡት። የትም ያለ ላይብረሪያን ከጥቂት ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ያለ ውጭ አሠልጣኝ ሊጠቀምበት ይችላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አምስት ርዕሶች፣ አምስት ስብሰባዎች። የዳታ አያያዝ ዕቅድ፣ ዳታን ማደራጀትና ማስረዳት፣ ማስቀመጫና ደኅንነት፣ ሥነ ምግባርና የቅጂ መብት፣ ዳታን ማካፈል። እያንዳንዱ ስብሰባ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ከስብሰባው በፊት ሰልጣኙ የማንትራውን ክፍል በራሱ ጊዜ ይጨርሳል። ከዚያ ለተሰጡት ጥያቄዎች መልሱን በጽሑፍ ያዘጋጃል። ጥያቄዎቹ ትክክልና ስሕተት የሚባሉ አይደሉም። ያነበብከው ከሥራህ ጋር እንዴት ይገናኛል የሚሉ ናቸው። በስብሰባው ቀን ጉዳዩን የሚያውቅ አንድ የቤቱ ሰው አጭር ገለጻ ያደርጋል። ቀጥሎ ልምምድ አለ። ልምምዶቹ በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ከሚገኘው የብሪታንያ ዳታ መዝገብ የተወሰዱ ናቸው፤ መልሳቸውም አብሮ አለ። ከዚያ ሁሉም የጻፈውን ይዞ ይወያያል።

ጽሑፉ ላይ ትንሽ ልቆይ። እኛ አገር ሥልጠና ሲባል የለመድነው ሌላ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔም የሄድኩበት አንድ ሥልጠና ነበር። ሦስት ቀን፣ የሆቴል አዳራሽ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ፓወር ፖይንት። አሠልጣኙ አዋቂ ሰው ናቸው፤ በዚህ ምንም አልልም። እኛ ግን ሦስት ቀን ሙሉ አፋችንን አልከፈትንም። ሰርተፍኬት ተሰጠን፣ አበል ፈረምን፣ ተመለስን። ሰኞ ጠዋት ሥራ ስገባ የተለወጠ ነገር አልነበረም። ማስታወሻዬን አሁን ባየው የማውቀው የማላውቀውም ተደባልቆ ነው የተጻፈው። አንድ ሰው የገባውንና ያልገባውን የሚለየው ሲጽፈው ወይም ለሌላ ሰው ሲናገረው ነው። የኤዲንብራው አሠራር ሁለቱንም ያስገድዳል። ጽፈህ ትመጣለህ፤ ከዚያ በባልደረባህ ፊት ትናገረዋለህ። በስብሰባዎቹ መካከል ያለው ጊዜም ጥቅም አለው። የተማርከውን ይዘህ ወደ ጠረጴዛህ ትመለሳለህ፤ ጥያቄ ይዘህ ደግሞ ወደ ስብሰባው ትመጣለህ።

ሌላው የወደድኩት ነገር ሥልጠናው የሚነሣው ላይብረሪያኑ ከሚያውቀው ነው። ሜታዳታ የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያስደነግጣል። ካታሎግ የሠራ ሰው ግን ሜታዳታ ሲሠራ ነው የኖረው። ደራሲ፣ ርዕስ፣ ዓመት፣ የጉዳይ ቃል፤ ለመጽሐፍ የምናደርገውን ለሰንጠረዥ ማድረግ ነው። ለፋይል ወጥ ስም መስጠትም መደርደሪያ ላይ የመጽሐፍ ቁጥር ከመለጠፍ አይርቅም። የቅጂ መብት ጥያቄ በየቀኑ ይመጣብናል። ስለዚህ ሰልጣኙ ባዶ እጁን አልመጣም። አዲሱ ነገር የሚጨመረው በነበረው ላይ ነው። ላይብረሪያኑን የስታትስቲክስ አዋቂ እናድርገው ያለ የለም። የትኛውን ጥያቄ ራሱ እንደሚመልስ፣ የትኛውን ወደ ኮምፒዩተር ክፍሉ፣ የትኛውን ወደ ሥነ ምግባር ኮሚቴው እንደሚልክ ይወቅ ነው ነገሩ።

ሥራው ያለው ቃለ መጠይቁ ላይ ነው

የጥቅሉ ውስጥ አንድ የቤት ሥራ አለ። ለእኔ ሙሉውን ሥልጠና የሚያክል ነው። ላይብረሪያኑ አንድ ተመራማሪ ይፈልግና ስለ ዳታው ቁጭ ብሎ ይጠይቀዋል። መሣሪያው የተወሰደው አሜሪካ ካለው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ነው። እነሱ በ2010 ያወጡት የጥያቄ ጥቅል ነው። ምን ዓይነት ዳታ አለህ? በምን ፋይል ነው ያለው? እንዴት ነው ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው የሚያልፈው? ማን እንዲያየው ትፈልጋለህ፣ መቼ? ከአሥር ዓመት በኋላ ምኑ ይቆይ፣ ምኑ ይጣል? መልሱ ተሰብስቦ የዚያ ዳታ አጭር ታሪክ ይሆናል።

ይህን ሳነብ ልሞክረው አልኩ። አንድ የግብርና መምህር አሉ፤ መጽሔት ስፈልግላቸው የቆየሁ ናቸው። ቢሮአቸው ሄድኩ።

«ዶክተር፣ ዳታዎ የት ነው ያለው?» አልኳቸው።

«ላፕቶፔ ላይ ነው።»

«ሌላስ ቦታ?»

«ፍላሽ ላይም አለ መሰለኝ። የድሮው ግን በዴስክቶፑ ላይ ነበር፤ እሱ ተበላሽቶ ስቶር ገባ።»

«ዋናው የመስክ መረጃስ?»

ከወንበራቸው ተነሡና ከመደርደሪያው ሥር አንድ ካርቶን ጎተቱ። ውስጡ ደብተሮች ናቸው። ዳታ ሰብሳቢዎቹ በየማሳው እየዞሩ በእጅ የሞሏቸው። ጥግ ጥጋቸው በውኃ የነካካ፣ አንዳንዱ በእስክሪብቶ አንዳንዱ በእርሳስ። ላፕቶፑን ከፈቱ። ፎልደሩ ውስጥ «ፋይናል»፣ «ፋይናል 2»፣ «ዋናው ፋይናል» የሚሉ ሦስት የኤክሴል ፋይሎች አሉ። የትኛው ነው የታተመው ጽሑፍ የተሠራበት ብዬ ጠየቅሁ። ዝም ብለው ቆዩ። «ማየት ይኖርብኛል» አሉኝ።

ሰንጠረዡን አብረን አየነው። አንድ ዓምድ አለ። ርዕሱ «ሁኔታ» ይላል። ከሥሩ «ደ» የሚል ፊደል በብዙ ረድፍ ላይ ተሞልቷል። «ይህ ምንድን ነው?» አልኳቸው። «ደጋ ይሆናል» አሉ። ትንሽ አሰቡና «አይ፣ ደረቅ ነው መሰለኝ። በስድስት ዓመት ብዙ ነገር ይረሳል» አሉ።

እኚህ ሰው ግዴለሽ አይደሉም። በሥራቸው የማከብራቸው ጠንቃቃ ተመራማሪ ናቸው። ሲያስተምሯቸው ማንም ይህን አልነገራቸውም፤ የሚጠይቃቸውም ሰው አልነበረም። እኔም ከዚያ ቀን በፊት ጠይቄያቸው አላውቅም። ለዓመታት ያመላለስንላቸው መጽሔት ብቻ ነው። ከቢሮአቸው ስወጣ የኤዲንብራው ሥልጠና ለምን ይህን የቤት ሥራ እንደጨመረ ገባኝ። ስለ ማስቀመጫና ስለ ሜታዳታ መቶ ገጽ ብታነብ፣ የሰው ካርቶን ሲጎተት እንደማየት አይሆንም።

ያልፈታውን ነገር መደበቅ የለብኝም

ሥልጠናው ብቻውን ሁሉን አልፈታም። ላይብረሪያን ምክር ሲሰጥ ተመራማሪውን የሚልክበት ቦታ ያስፈልገዋል። «ባክአፕ ያድርጉ» ማለት ቀላል ነው። የት? ኤዲንብራ ለእያንዳንዱ ተመራማሪ ግማሽ ቴራባይት ነፃ ማስቀመጫ አዘጋጀ። ለሚታተም ዳታ ደግሞ ዳታሼር የሚባል ሪፖዚተሪ አለው። ላይብረሪያኑ አፉን ሞልቶ የሚናገረው ከኋላው ይህ ስላለ ነው። እነዚህ ሳይኖሩ ሰው ብቻ ቢሠለጥን ምክሩ ባዶ ይሆናል። ተመራማሪውም ሁለተኛ አይመጣም።

ጊዜም ዋጋ አለው። አምስት ስብሰባ፣ ከየስብሰባው በፊት ንባብና ጽሑፍ፣ ከዚያ ቃለ መጠይቅ። ኃላፊው «በትርፍ ጊዜያችሁ ሥሩት» ካለ አይሠራም። ንባቡ የሥራ ሰዓት ውስጥ መግባት አለበት። ይህ የእኔ አቋም ነው፤ በዚህ ላይ አልደራደርም። ሰርኩሌሽን ላይ ተሰልፎ የሚጠብቅ ተማሪ እያለ ማንም ሰው በሰላም አያነብም። አንዱ ሲያነብ ሌላው ይሸፍንለት።

ሦስተኛው ነገር የሥልጠናው ይዘት የብሪታንያ መሆኑ ነው። የሕጉ ክፍል የእነሱ ሕግ ነው። የገንዘብ ሰጪዎቹም የእነሱ ናቸው። እንዳለ ቢወሰድ ግማሹ አይጠቅመንም። ፈቃዱ ግን ክፍት ነው። ምንጩን ጠቅሶ መለወጥ፣ መተርጎም፣ መጨመር ይቻላል።

የእኛን ነገር ስንጨምርበት

ምን እንጨምር ለሚለው ከሥራዬ የማውቀውን ልናገር።

የፋይል ዓይነቶች የሚለው ክፍል ላይ የግዕዝ ፊደል ጉዳይ ይግባ። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒዩተሮች ሁሉ ፊደልን የሚለዩበት የጋራ ሥርዓት) ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት፣ ሰው ሁሉ ሲጽፍ የነበረው ዩኒኮድ ባልሆኑ ፎንቶች ነው። ዛሬ ያንን ፋይል ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ክፈቱት። የላቲን ፊደልና ምልክት ብቻ ተዘበራርቆ ይወጣል። ሃያ ዓመት የተሰበሰበ ቃል ግጥም፣ የሽማግሌ ቃለ መጠይቅ፣ የቦታ ስም እንዲህ ሆኖ ቁጭ ያለባቸው ፎልደሮች አይቻለሁ። ፋይሉ አልጠፋም። የሚያነበው ግን የለም። ይህ ወደ ዩኒኮድ ሊለወጥ ይችላል፤ ሥራው ግን የሚያስታውሰው ሰው ሳያልፍ መሠራት አለበት። ለፋይል ዓይነት ትምህርት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማንም አይኖረውም።

ቀንና ሰዓትም አለ። አንዱ ዳታ ሰብሳቢ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ይጽፋል፤ ሌላው በፈረንጆች። ሰንጠረዡ ላይ 2012 ብቻ ከተባለ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ልዩነት አለው። «ጠዋት 2 ሰዓት» እና «8 ሰዓት» አንድ ዓይነት ጊዜ ሊሆኑ ይችላሉ። ወተት የታለበበትን ወይም መድኃኒት የተሰጠበትን ሰዓት ለሚመዘግብ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዳታው በምን አቆጣጠር እንደተያዘ የምትገልጽ አንዲት መስመር ትበቃለች። ያቺን መስመር ጻፉ ብሎ የሚጠይቅ ላይብረሪያን ነው የሚያስፈልገው።

ስም አጻጻፍም እንደዚያው። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ፤ ኮምፒዩተሩ ሦስት ሰው ያደርገዋል። ካታሎግ የሠራን ሰዎች ይህን በሽታ ከማንም በላይ እናውቀዋለን። እዚህ ላይ ላይብረሪያን ተማሪ አይደለም፤ አስተማሪ ነው።

ሥነ ምግባር ላይ ደግሞ የሰውን ስም ከዳታው መሰረዝ ብቻ እንደማይበቃ መነገር አለበት። አንድ ተማሪ ከአንድ ወረዳ ርዕሰ መምህራን ጋር ቃለ መጠይቅ አደረገ እንበል። ስማቸውን ሁሉ ሰርዞ «ሴት፣ ርዕሰ መምህር» ብሎ ተወ። በወረዳው ያለችው ሴት ርዕሰ መምህር አንድ ብቻ ከሆነችስ? አገሬው ሁሉ ያውቃታል። ስለ አለቆቿ የተናገረችው ነገር በአደባባይ ወጣ ማለት ነው። አሁን ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለን (ይህኛው ቁጥር በእኛ አቆጣጠር ነው)። የኤዲንብራው ጥቅል ውስጥ የብሪታንያ ሕግ ባለበት ቦታ የሚገባው ይህ አዋጅ ነው። በአማርኛ ስለተጻፈ አብሮ ቁጭ ብሎ ማንበብ ይቻላል።

ማስቀመጫን በተመለከተ መብራት የሚጠፋበትን፣ ኔትወርክ የሚቋረጥበትን፣ ፍላሽ በቫይረስ የሚበላሽበትን ኑሮአችንን ይዘን ነው መነጋገር ያለብን። ሦስት ቅጂ፣ አንዱ ከሕንፃው ውጭ የሚለው ምክር ለእኛም ይሠራል። ሦስተኛው ቅጂ ግን የት እንደሚሆን ኃላፊዎች ጋር ገብተን መጨቃጨቅ ይኖርብናል።

ኤዲንብራ ከዚያ በኋላ አልቆመም። በ2016 በቻፕል ሂል ከሚገኘው የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ኮርሴራ በሚባለው የኢንተርኔት ትምህርት መድረክ ላይ ስለ ምርምር ዳታ አያያዝና ማካፈል የሚያስተምር ኮርስ ጀመረ። ማንም የትም ሆኖ ሊማረው ይችላል። ጥሩ ነው፤ ለአንድ ሰው ብቻውን ለመጀመር ይረዳል። እኔ ግን ምርጫ ቢሰጠኝ ትንሹን ቡድን እመርጣለሁ። አራት ላይብረሪያን፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ሰዓት። ብቻህን ስትማር ያልገባህን አልፈህ ትሄዳለህ። ጠረጴዛ ዙሪያ ግን አንዱ «ቆይ፣ ይሄ አልገባኝም» ይላል። ያኔ ሁሉም ትንፋሽ ያገኛል፤ ለካ ለሁሉም አልገባውም ነበር።

እኚያ መምህር ከሁለት ሳምንት በኋላ ደወሉልኝ። ካርቶኑን አስወጥተው ደብተሮቹን በስልካቸው ፎቶ ማንሣት ጀምረዋል። ከሦስቱ ፋይሎች የታተመው ጽሑፍ የተሠራበትን ለይተው ሌሎቹን «አሮጌ» የሚል ፎልደር ውስጥ አስገብተዋል። ስለ «ደ» ግን አልተኙም። የያኔውን ዳታ ሰብሳቢ ስልክ ከሰው ሰው አፈላልገው አገኙት። ልጁ አሁን ሌላ ከተማ ነው የሚሠራው። ጥያቄውን ሲሰማ ወዲያው ነው የመለሰው።

ደጋም አይደለም፤ ደረቅም አይደለም። ደቦ ነው። ባለቤቱ ብቻውን ያላጨደው፣ ጎረቤት ተሰብስቦ በደቦ ያጨደው ማሳ ነው።

ከሰንጠረዡ ጎን አንድ አጭር የጽሑፍ ፋይል ከፈትን። የመጀመሪያውን መስመር እሳቸው ጻፉት፦ «ደ = ደቦ»።